ከጨጓራ ሕክምና በኋላ መወፈር፦ ጥፋቱ የአንጀት ባክቴሪያ ነው?

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1.60 ሜትር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ኩታበር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ወርጄ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ስመጣ 54 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 69 ገብቻለሁ። አምና የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብዬ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው የባሰብኝ። እስካሁን ጨጓራዬን እየፈራሁ ሽሮና ምስር ትቼ በዳቦ፣ በሩዝና በማካሮኒ ነው የምኖረው። አገር ቤት ያለችው ታላቅ እህቴ ከእኔ በላይ ትበላለች፣ ግን ቀጭን ናት። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ‹የሚያቀጥኑት ባክቴሪያዎች ሞተውብሽ ነው› ብላ የባክቴሪያ እንክብል እንድገዛ መከረችኝ። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። እውነት ባክቴሪያ ያወፍራል? እንክብሉን ልግዛው? እንጀራችን የቦካ አይደል፣ እሱ አይበቃም?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ይልቅ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት የያዘችኝ፦ ሽሮና ምስር ትቻለሁ ያልሽው። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ለምን እንደከበደችኝ እንዲገባሽ ግን ከባክቴሪያው ልጀምር።

ባክቴሪያ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው በሽታ ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ግን አብዛኞቹ አብረውን ያደጉ ናቸው። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል። የራሳችን ሴሎች 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። ሁሉም ባክቴሪያ ተሰብስቦ ቢመዘን 200 ግራም ያህል ነው። ክብደታቸው ትንሽ ነው፣ ሥራቸው ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አምና የተገኘብሽ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ነው። እሱ የሚኖረው ጨጓራ ውስጥ ነው፣ ጨጓራን የሚያቆስልም እሱ ነው። ባልደረባሽ የምታወራልሽ ባክቴሪያዎች ደግሞ ታች፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ናቸው። ሰፈራቸውም ሥራቸውም ይለያያል።

እናትሽ ሊጥ ስታቦካ አይተሻል። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ዱቄቱን ይበሉታል፣ ሊጡ ይጎመዝዛል፣ አረፋ ያወጣል። ትልቁ አንጀትሽ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚደርሰው ምግብ የተመረጠ መሆኑ ነው። ስኳር፣ ነጭ ዱቄትና ዘይት ከላይ ትንሹ አንጀት ላይ ተፈጭተው ወደ ደም ይገባሉ። ወደ ታች የሚወርደው እኛ መፍጨት የማንችለው ነው። አሰር ይባላል፣ ፋይበር የሚሉት ማለት ነው። የባቄላው ገለፈት፣ የገብሱ ሽፋን፣ የጎመኑ ጅማት። የታችኞቹ ነዋሪዎች ቀለብ እሱ ነው።

አሰሩን አቡክተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶችን ይሠራሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ነዳጅ ነው። ከዚህ ሌላ እነዚህ አሲዶች በአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎችን ቀስቅሰው የጥጋብ ሆርሞን እንዲለቁ ያደርጋሉ። አንዱ ሆርሞን ጂኤልፒ-1 ይባላል። ዛሬ በመርፌ የሚሰጡት አዳዲስ የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች የሚመስሉት እሱን ነው። ከባቄላ የሚገኘው ከመርፌው ጋር በጭራሽ አይወዳደርም፣ እንዳላታልልሽ። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባክቴሪያ ያወፍራል? (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የባልደረባሽ ወሬ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄፍሪ ጎርደን የሚባሉ ተመራማሪ አሉ። ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ እንዳይነካቸው ተደርገው ያደጉ አይጦች ነበሯቸው። በ2004 ባወጡት ጥናት ለእነዚህ አይጦች ከሌላ ጤነኛ አይጥ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ሰጧቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሚበሉት ግን ቀንሶ ነበር! ያኔ ነው ዓለም ሁሉ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ ውፍረት ማውራት የጀመረው።

በ2013 የእነዚሁ ሰዎች ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። እኔ ለታካሚዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንኛውን ነው። መንታ እህትማማቾችን ወሰዱ። አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን። ከሁለቱ ሰገራ የተገኘውን ባክቴሪያ ባክቴሪያ ለሌላቸው አይጦች ሰጡ። የወፍራሟን የተቀበሉት አይጦች ስባቸው ጨመረ፣ የቀጭኗን የተቀበሉት አልጨመረም። ቀጥለው ሁለቱን ዓይነት አይጦች አንድ ጎጆ ውስጥ አኖሯቸው። አይጥ የሌላውን አይጥ ሰገራ ስለሚበላ ባክቴሪያቸው ይተላለፋል። የቀጭኗ ባክቴሪያ ወደ ወፍራሟ አይጦች ገብቶ ሰፈረ፣ ከመወፈርም ጠበቃቸው።

ይህ የሆነው ግን ምግባቸው ስብ ያነሰውና አሰር የበዛው ሲሆን ብቻ ነው። ስብ የበዛበት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያነሰበት ምግብ ሲሰጣቸው የቀጭኗ ባክቴሪያ ቢመጣም አልሰፈረም። ቀለብ በሌለበት ቤት እንግዳ አይቆይም። ይህችን ያዢልኝ፣ እንክብሉ ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

አይጥና ሰው ግን አንድ አይደሉም። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ለወፍራም ሰዎች የተሰጠባቸው ሙከራዎች አሉ። በአንዳንዶቹ ኢንሱሊን የተሻለ ሲሠራ ታይቷል፣ ክብደታቸው ግን በአብዛኛው አልቀነሰም። ከ2006 ጀምሮ «ወፍራም ሰው እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ይበዛበታል፣ ቀጭን ሰው እንዲያ ያለ» የሚል ነገር በሰፊው ተወርቶ ነበር። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ግን ልዩነቱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሰገራሽን መርምሮ «ያወፈረሽ ይሄ ባክቴሪያ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ያዢ።

አንቲባዮቲኩስ? የጨጓራ ባክቴሪያን ለመግደል ሁለት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አብረው ይሰጣሉ። አዎ፣ የታችኞቹንም ይነካል። ግን አብዛኞቹ ይመለሳሉ። በ2018 በወጣ ጥናት 12 ጤነኛ ወንዶች ለአራት ቀን ሦስት ጠንካራ አንቲባዮቲኮች ወስደው ነበር። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ወደ ቀድሞው ተቃረበ። ከስድስት ወር በኋላ ያልተመለሱት ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። መድኃኒቱን በመውሰድሽ በፍጹም አትጸጸቺ። ያ ባክቴሪያ ቁስለት ያመጣል፣ ሲቆይ ደግሞ የጨጓራ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሆድ በጮኸ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ያለ ምርመራ ፍላጅል የሚገዛ ሰው በየቀኑ ያጋጥመኛል። በዓመት አራት አምስት ጊዜ የሚወስዱ አሉ። ለሚያስፈልገው ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። እንደ ከረሜላ ሲወሰድ ግን የአንጀትን ነዋሪዎች ፋታ ያሳጣቸዋል። አንቺም ይህ ልማድ ካለሽ ተዪው።

ታዲያ ከሕክምናው በኋላ ለምን ወፈርሽ? የጨጓራ ባክቴሪያ ከጠፋላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ጥቂት ኪሎ እንደሚጨምሩ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ሕመሙ ሲተው ምግብ ይበላል፣ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። 15 ኪሎ ግን በዚህ ብቻ አይመጣም።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር። ጨጓራ ያለበት ሰው ሽሮና ምስር መተው አለበት የሚለው ምክር አገሩን ሁሉ አዳርሷል። ደሴም ኮምቦልቻም የማይመክረው ሰው የለም። ጨጓራን የሚያቆስሉት በዋናነት ሁለት ናቸው፦ ያ ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። ምስር ጨጓራ አያቆስልም። በርበሬው ካቃጠለሽ አልጫ ሥሪው። አንቺ ግን በርበሬውን ልትሸሺ ምስሩንም አብረሽ ጣልሽው።

ምን እንደጣልሽ በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር 15 ግራም ገደማ አሰር አለው። 100 ግራም ነጭ ዳቦ ሁለት ሦስት ግራም ቢኖረው ነው። ነጭ ሩዝ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ነው። በዳቦ፣ በሩዝና በማካሮኒ የሚኖር ሰው እዚያ አይደርስም። የታችኞቹ ነዋሪዎች ጾማቸውን ያድራሉ።

ኩታበርን አስቢ። የገብስና የባቄላ አገር ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ንፍሮው፣ የገብሱ እንጀራ። በ2015 ስዊድን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ የእኛን ደጋ ሰው ቢያውቁ የሠሩት ይመስላል። 39 ጤነኛ ሰዎች ለሦስት ቀን ከገብስ ፍሬ የተሠራ ዳቦ በሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ከምግብ በኋላ ያለው የደም ስኳር ተሻሻለ። የተሻሻለላቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ፕሪቮቴላ የሚባል የባክቴሪያ ወገን በርከት ብሎ ተገኘ። ይህ ወገን እህልና ጥራጥሬ በሚበሉ ሕዝቦች አንጀት ውስጥ ብዙ ነው። በ2010 በወጣ ጥናት የቡርኪና ፋሶ ገጠር ልጆች ከጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ ልጆች ጋር ተነጻጽረው ነበር። የቡርኪና ፋሶዎቹ ማሽላ፣ ዘንጋዳና ጥራጥሬ ነው የሚበሉት፣ የእኛን የሐርቡንና የቃሉን ገበታ ይመስላል። ፕሪቮቴላው የበዛው፣ እነዚያ ጠቃሚ አሲዶችም ከፍ ብለው የታዩት በእነሱ ነው።

ሰው ምግቡን ሲለውጥ ባክቴሪያውም ይለወጣል። ከታይላንድ ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሄዱ የህሞንግና የካረን ስደተኞች ላይ የተሠራ ጥናት በ2018 ወጥቷል። በደረሱ በወራት ውስጥ ፕሪቮቴላቸው ቦታውን ለሌላ ወገን መልቀቅ ጀመረ፣ የባክቴሪያቸው ዓይነትም እየቀነሰ ሄደ። ከኩታበር ኮምቦልቻ እንደ ውቅያኖስ አይራራቅም። ገበታሽ ግን ያን ያህል ርቋል።

እህትሽ ከአንቺ በላይ ትበላለች ብለሻል። ሳህኗ ይሞላል፣ አምናለሁ። ግን በሳህኑ ላይ ያለው ገብስና ባቄላ ነው። ጥራጥሬው ውስጥ ካለው ጉልበት የተወሰነው ሳይፈጭ ይወጣል፣ የተወሰነውን ባክቴሪያው ይቀራመተዋል። ደግሞ ውኃ ትቀዳለች፣ ዳገት ትወጣለች። አንቺ ስፌት መኪና ላይ ቁጭ ብለሽ ትውያለሽ። የኮምቦልቻ መንገድ ሜዳ ነው፣ ባጃጁም በደጅ ነው። ሁለታችሁን በሳህን መጠን ብቻ ማወዳደር አይሆንም።

ኪሎውን እንይ። 15 ኪሎ በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ሲሰላ በየቀኑ የተቀመጠው ትርፍ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ሰውነት እየከበደ ሲሄድ የሚያቃጥለውም ስለሚጨምር እውነተኛው ትርፍ ከዚህ ከፍ ይላል። ቢሆንም መነሻው ትንሽ ነገር ነው። በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የተጠጣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ያንኑ 100 ካሎሪ ይሰጣል። በሥራ ሰዓት ስንት ሻይ ትጠጫለሽ? ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም፣ ግን ቁጠሪው።

እንጀራውን በተመለከተ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ይርመሰመሱበታል። የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ግን ይሞታሉ። ስለዚህ ከእንጀራ ሕያው ባክቴሪያ አናገኝም። የምናገኘው የሠሩትን ሥራ ነው፦ ብረትና ዚንክ እንዳይመጠጡ የሚያስረው ፋይቴት የሚባል ነገር ሲቦካ ይቀንሳል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከነገለፈቱ ነው የሚፈጨው፣ አሰሩ አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ተጋግሮ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ሩዝ ይቀላቀልበታል። ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ አሰሩም ያንሳል። ከቻልሽ ጠቆር ያለውን፣ ወይም የጤፍና የማሽላ ቅልቅል ምረጪ። በዋጋም ይቀልሻል።

ሕያው ባክቴሪያ ከፈለግሽ እርጎ አለልሽ። አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ውስጥ ተሠርቶ በ2021 በወጣ ጥናት ለአሥር ሳምንት እርጎና ሌሎች የቦኩ ምግቦችን አብዝተው የበሉ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በዝቷል። ያልተፈላ ወተት ግን ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ያመጣል። ወተቱን አፍዪው፣ ለብ ሲል ከታሸገ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሪበትና አሳድሪው። ስኳር አትጨምሪበት።

እንክብሉን አትግዢ። አንዳንድ ዓይነቶቹ አንቲባዮቲክ ለሚያመጣው ተቅማጥ ሲረዱ ታይተዋል። ክብደት ላይ ግን የታየው ለውጥ ትንሽና የማይጨበጥ ነው። እንዲያውም በ2018 እስራኤል ውስጥ በተሠራ ጥናት ከአንቲባዮቲክ በኋላ እንክብል የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ምንም ካልወሰዱት ሰዎች ዘግይቶ ነው የተመለሰው። ጥናቱ አነስተኛ ነው፣ ግን እንድናስብ ያደርጋል። መንትዮቹንም አስታውሺ። ማካሮኒ ላይ የሚወርድ ባክቴሪያ ምን በልቶ ይሰፍራል? በዚያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ምስርና ባቄላ ይገዛል!

ምግቡን ስትመልሺ ግን አትጣደፊ። አንጀትሽ ጥራጥሬ ከለቀቀ ከርሟል። በአንድ ቀን ሙሉ ሳህን ባቄላ ብትበዪ ሆድሽ ተነፍቶ «ይኸው ጨጓራዬ!» ብለሽ ትተዪዋለሽ። መጀመሪያ በቀን አራት አምስት ማንኪያ አልጫ ምስር ክክ ይበቃል። በሳምንቱ ጨምሪ። ባቄላና ሽምብራውን አሳድረሽ ዘፍዝፊው፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፊውና በሌላ ውኃ ቀቅዪው። የቁርሱን ዳቦ በበሶ ወይም በቂንጬ ለውጪው። ለሥራ ሰዓት ቆሎ ቋጥሪ፣ ግን በልክ፣ እፍኝ ይበቃል። ሻዩን በአንድ ማንኪያ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ተለማመጂው። ውኃ አብዝተሽ ጠጪ፣ አሰር ያለ ውኃ ሆድ ያደርቃል። ከሥራ ስትወጪ ባጃጁን ትተሽ ግማሹን መንገድ በእግርሽ ሂጂ።

ይህን ሁሉ የምልሽ ባክቴሪያው ተለውጦ ኪሎሽን ያወርደዋል ብዬ ቃል ለመግባት አይደለም። ኪሎሽን የሚያወርደው ከሁሉ በፊት የስኳሩና የነጭ ዱቄቱ መቀነስ፣ የጥራጥሬው ማጥገብና እግርሽ ነው። ባክቴሪያዎቹ ያግዙሻል። በአምስት ቀን ውስጥ እንኳ ከምግብ ጋር ሲለዋወጡ ታይተዋል። ክብደት ግን ወራት ይፈልጋል። ከ69 ሦስት አራት ኪሎ ብቻ ቢወርድ ለደም ግፊትና ለስኳር ትልቅ ነገር ነው፣ 54ን አሁኑኑ አታሳድጂ።

ከምግብ ውጪ ሁለት ነገር ጠይቂ። የሦስት ወሩን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ትወጊያለሽ? በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት በእርግጥ ይጨምራል። የምትወጊ ከሆነ ዝም ብለሽ አታቋርጪው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሌላ አማራጭ ጠይቂ። ሌላው፣ ብርድ አይቻልሽም? ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መሳሳት አለ? ካለ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያስፈልግሻል። ወገብሽንም በእምብርትሽ ላይ ለኪው። ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የደም ስኳርና ግፊት ተመርመሪ።

ያ የጨጓራ ባክቴሪያ መጥፋቱስ ተረጋግጧል? በደብዳቤሽ አልጻፍሽም፣ ብዙ ሰውም አያረጋግጥም። የደም ምርመራውን አትድገሚ፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለብዙ ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ጠይቂ። አንቲባዮቲክ ካቆምሽ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ካቆምሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት ማለፍ አለበት። ውጤቱ «የለም» ካለ ሽሮውን ያለ ፍርሃት ብዪ። «አለ» ካለም ሽሮውን ብዪ፣ ሕክምናው ግን ይደገማል። ያኔ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደወሰድሽ ካርድሽ ላይ አይተሽ ጻፊልኝ፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የተለየ መሆን አለበትና።